አዛውንት ወላጅ ብቻቸውን መኖር ሲከብዳቸው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች የእንክብካቤ አመራረጥ

አባት ወይም እናት ሲደክሙ ቤተሰብ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚያነሣው "ማን ይውሰዳቸው?" የሚለውን ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ሰፊ ቤት ባለው ወይም ባላገባችው ልጅ ላይ ያርፋል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በስንት ሰዓት፣ ለምን ጉዳይ፣ የማን እጅ ያስፈልጋቸዋል? ጠዋት ጠዋት ትንሽ እገዛ የሚበቃቸውን እናት ከኖሩበት ሰፈር ነቅሎ ሌላ ከተማ ማስገባት ይጎዳቸዋል። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሡ አባትን ደግሞ ቀን ሙሉ ስትሠራ ለዋለች አንዲት ልጅ መተው እሳቸውንም እሷንም ይጎዳል። ብዙ ጊዜ እንክብካቤውን የሚያፈርሰው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የተንከባካቢው እንቅልፍና ወገብ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከሌሊቱ ይጀምሩ።

የሚችሉትንና የማይችሉትን ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ያዘጋጁ። በአንዱ ገጽ ስድስት ነገር ይጻፉ፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት ሄዶ መመለስ፣ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ በራስ እጅ መብላት። በሌላው ገጽ ስምንት፦ ስልክ መደወል፣ ገበያ መውጣት፣ ማብሰል፣ ቤት ማሰናዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ በታክሲ ወይም በባጃጅ መሄድ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብ መያዝ። ከእያንዳንዱ ጎን "ራሳቸው"፣ "ሰው አጠገባቸው ቆሞ" ወይም "ሰው ይዟቸው" ብለው ከነሰዓቱ ያስፍሩ።

ከስድስቱ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚከብደው ገላ መታጠብ ነው፤ ከሁሉ በኋላ የሚቀረው መብላት ነው። ስለዚህ "ደህና ይበላሉ እኮ" የሚለው ለብቻቸው መኖር እንደሚችሉ ማረጋገጫ አይሆንም። የተበላሸው ሁለተኛው ገጽ ብቻ ከሆነ ቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው ይበቃል። ከመጀመሪያው ገጽ ሁለቱ ከተነኩ በየቀኑ ሰው ያስፈልጋል። ከአልጋ መነሣትና ሽንት ቤት መሄድ ካቃታቸው ግን ሌሊትም ሰው የግድ ነው።

ደብተሩን የሚይዘው አብሯቸው የሚያድር ሰው ይሁን። ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር ለበዓል የመጣ ልጅ የሚያየው የእንግዳ ቀን ነው፤ ወላጅ ልጁን ሲያይ ይበረታል፣ ይነሣል፣ ይጫወታል። ልጁ ሲሄድ ለሁለት ቀን ይተኛል።

ሁለት ነገር ደግሞ ይለኩ። አንደኛ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና ከወንበሩ 3 ሜትር ርቀት ላይ ምልክት ያድርጉ። የለመዱትን ጫማ አድርገው፣ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ይዘው፣ በልማዳቸው እርምጃ ተነሥተው ምልክቱ ጋር ደርሰው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ አደጋ አለባቸው ማለት ነው። ሲሄዱ አጠገባቸው ይሁኑ። ሁለተኛ፣ 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ተኝተው እያሉ ግፊታቸውን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሌሊት ከአልጋ ሲነሡ የሚያዞራቸው ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የግፊት ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።

ከመወሰንዎ በፊት የሚድነውን ይለዩ። የዓይን ሞራ፣ በኩክ የተደፈነ ጆሮ፣ ያልታከመ የጉልበት ሕመም፣ የተደራረበ መድኃኒት፣ እያንዳንዳቸው ሰውን ከአቅሙ በታች ያውላሉ። ለዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ሞራው ተነሥቶላቸው ብቻቸውን ሽንት ቤት መሄድ የሚችሉ ሰው ወደ ሌላ ቤት መዛወር ላያስፈልጋቸው ይችላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ደግሞ "እርጅና ነው" ብለው አይለፉት። የሽንት ቱቦ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ አዛውንትን እንዲህ ያደርጋል። ጸበሉም ዱዓውም አይቅር፣ ግን የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያቸው። በዚያ ሳምንት ስለ መኖሪያ አይወሰንም።

በገዛ ቤታቸው ማኖር

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ይህ መሆን አለበት። ጎረቤቱ፣ ቅሬው (ዕድሩ)፣ የቡናው ሰዓት፣ መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደረስበት መሆኑ ራሱን የቻለ እንክብካቤ ነው፤ እናት ዛሬ ቡና ላይ ካልታዩ የሚጠይቅ ሰው አለ። ቤቱ ግን መስተካከል አለበት፤ ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱ።

በደሴ ብዙ ግቢ ውስጥ ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ነው፤ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ጉልበት ሲደክም መውረዱ ይቻል ይሆናል፣ መነሣቱ ነው የሚያቅተው። መፍትሔው መሐሉ የተቀደደ ወንበር ነው፤ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። መጠኑን ከሰውዬው ይውሰዱ፦ ጫማ ሳያደርጉ ከወለል እስከ ጉልበታቸው የኋላ እጥፋት ይለኩ፤ ለብዙ ሰው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መቀመጫው ያን ያህል ከፍታ ይኑረው። ቀዳዳው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይበቃዋል፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን። የእጅ መደገፊያው ከመቀመጫው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሣ፤ ሰው የሚነሣው በሱ ላይ ተመርኩዞ ነው። እግሮቹ ወደ ውጭ ትንሽ ይከፈቱ፣ ጫፋቸውም የጎማ ቁራጭ ይልበስ።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጎማ ያልለበሰ ብረት በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ቀዳዳው ከሰፋ የከሱ ሰው ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ መነሣትም ያቅታቸዋል። ወንበሩ ከረዘመ እግራቸው ይንጠለጠልና ወደ ፊት ይወድቃሉ። በስሱ ቱቦ ከተሠራ ደግሞ አንድ ቀን ይጎብጣል። ሲጨርስ ራስዎ ተቀመጡበት፣ ወዝውዙት፤ ከዚያ እሳቸው ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግራቸው መሬት ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት። ያው ወንበር ሌሊት መኝታ ቤት ገብቶ ከሥሩ ባልዲ ቢደረግለት በውርጭ ግቢ ማቋረጥ ይቀራል። አንዳንድ አዛውንት በዚህ ያፍራሉ፤ በመጋረጃ ጋርዱላቸው፣ ባልዲውንም ጠዋት ሰው ሳይነሣ የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የግድግዳ መያዣ ብረት ከወለል ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይታሰራል፤ ውፍረቱ እጅ ጨብጦ የሚይዘው፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ቡሎን በምርጊት ላይ አይይዝም፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። በምሰሶው እንጨት ላይ ይታሰር ወይም ከወለሉ በሲሚንቶ የተተከለ ቋሚ ብረት ይሁን። በር ላይ ያለውን ደፍ ወደ ዳገት ከቀየሩት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይስጡት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ደፍ 2 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። ባጭሩ ከተሠራ ተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ውዱእ የሚያደርጉ ሰው በቀን አምስት ጊዜ እርጥብ ወለል ላይ አንድ እግራቸውን ያነሣሉ። ዱካ ላይ ተቀምጠው በማንቆርቆሪያ ውሃ የሚቀርብላቸው ቢሆን ከመውደቅ ይተርፋሉ። ሌሊት ለኪዳን የሚነሡ እናትም መብራትና አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋቸዋል። መብራት ስለሚጠፋ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከራስጌ ይቀመጥ።

ብርዱ ሌላው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሌሊት ቤት ውስጥ ይገባል። ከሰል ተያይዞ ጭሱ ስላለቀ አደጋው ያለቀ ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ከመተኛታቸው በፊት ምድጃው ከክፍሉ ይውጣ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋውን ማሞቅ ይቻላል፤ ስኳር ያለባቸው ሰው እግራቸው ስለሚደነዝዝ ሲቃጠሉ አይሰማቸውም፣ ጠርሙሱ ከመተኛታቸው በፊት ይነሣ።

በመጨረሻም መንገዱን ያስቡ። ቤቱ ባጃጅ የማይደርስበት ዳገት ላይ ከሆነ፣ ሌሊት ቢታመሙ ወደ ዋናው መንገድ ማን ያወርዳቸዋል? የአራት ጎረቤት ስልክ በትልቅ ቁጥር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ተንከባካቢ መቅጠር

ደላላ የሚያመጣው የቤት ሠራተኛ ነው፤ የታመመ ሰው ማንሣት ሌላ ሙያ ነው። ከመስማማትዎ በፊት አራት ነገር ስታደርግ ይዩ፦ ከአልጋ ስታስነሣ፣ ገላ ስታጥብ፣ የቀኑን መድኃኒት ስትቆጥር፣ ሳትቸኩል ስታጎርስ። በክንድ ጎትታ የምታነሣ ከሆነ ትከሻ ታወልቃለች። ትክክለኛው ወገባቸው ላይ ሰፊ መቀነት አጥብቆ ማሰር፣ እግራቸውን ወደ አልጋው ጠርዝ ማቅረብ፣ መቀነቱን ከሁለት ጎን ይዞ ጉልበትን አጥፎ አብሮ መነሣት ነው። አባትን የሚያጥብ ወንድ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ እናቶችም የወንድ እጅ አይወዱም፤ ሁለቱንም ይጠይቋቸው። የሥጋው፣ የጾሙና የሶላቱ ነገርም በመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ወሎ አብሮ መኖርን ያውቅበታል፣ ግን ማን ምን እንደሚያበስል ካልተነገረ ቅሬታ ይመጣል።

የቤት ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አይሸፈኑም፤ ስለዚህ ውሉን ራስዎ በጽሑፍ ይሥሩት። ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ የት እንደምትተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ዋስ፣ ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስታወቂያ። በየሌሊቱ ከሁለት ጊዜ በላይ መነሣት ካለ አንድ ሰው አይበቃም፤ ሁለተኛ ይጨመር ወይም የቤተሰብ ሰው በተራ ይደር። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣሉ። ቁስል የሚጀምረው በጭራ አጥንት፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ዳስሰው ትኩሳት፣ መጠንከር ወይም ከሌላው መጥቆር እንዳለ ይፈልጉ።

ወደ ልጅ ቤት መግባት

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ብርዱ ይቀላል፤ ለሚያስላቸውና ደረታቸው ለሚጨንቅ ሰው ይሻላል። ሜዳ ስለሚበዛትም በእግር መውጣት ይቻላል። በሌላ በኩል ወባ አለ፦ ዕድሜያቸውን ደሴ የኖሩ አዛውንት ሰውነታቸው ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ አጎበር ከመግባታቸው በፊት ይሰቀል፣ ትኩሳት ከያዛቸውም በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 28 ቀን ገደማ ያገለግላል፤ የየዓይነቱ ልክ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥ፣ በረዶ ቤት ውስጥም አይገባ፤ ከረጋ ተበላሽቷል።

የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ ካለፋቸው ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ። በመለኪያው ከ70 mg/dL በታች ከሆነና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል። ለረመዳንም ሆነ ለዐቢይ ጾም ከመግባታቸው በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክል።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ የራሳቸው ክፍል ቢጠፋ እንኳ የራሳቸው አልጋ፣ የራሳቸው ወንበርና የሚከፍቱት የራሳቸው ሣጥን ይኑር። ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድሩ አዛውንት ቴሌቪዥን እስኪዘጋ አይተኙም።

በየልጁ ቤት በዙር ማኖር ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለልጆቹ ነው እንጂ ለወላጅ አይደለም። በየሦስት ወሩ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠፋቸዋል፤ የሚረሱ ሰው ከሆኑ ደግሞ እየባሰባቸው ይሄዳል። መድኃኒትም ይደባለቃል፦ አንዱ ሆስፒታል በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ያንኑ የግፊት መድኃኒት ይሰጣል፣ እሳቸው ሁለቱንም ይውጣሉ። ዙሩ ግድ ከሆነ አንድ የመድኃኒት ወረቀትና አንድ የክትትል ሐኪም ይኑር፤ ባዶ የመድኃኒት ሣጥኖቹም አብረው ይሂዱ።

እቤት የቀረችው ልጅ ነገር ብቻውን ይነሣ። ወንድሞችና እህቶች ብር ይልካሉ፤ ሥራዋን ትታ የምትነሣው እሷ ናት። ወጪው ሲጻፍ የተንከባካቢ ደመወዝ፣ ዳይፐር (በቀን 4 ከሆነ በወር 120)፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና መጠባበቂያ ብቻ አይጻፍ፤ የእሷም የቀረ ገቢ አንድ መስመር ይያዝለት፣ በየወሩም ይከፈላት። በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ ሳምንት የሚተካት ሰው ስሙ ይጻፍ።

ወደ ማዕከል ማስገባት

እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የተቋቋሙት ጧሪ ለሌላቸው ነው። ልጅ ያላቸው አዛውንት እዚያ ሲገቡ ማንም የሌለው ሰው ቦታ ያጣል። የሚከፈልበት ቤት ከመረጡ ሁለት ጊዜ ይሂዱ፦ አንዴ ተነጋግረው፣ አንዴ ሳይናገሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ይጠይቁ፤ የቀኑ ቁጥር አያታልልዎ። ውሃ በእጃቸው በሚደርስበት ቦታ መኖሩን፣ ጥፍራቸው መቆረጡን፣ መድኃኒቱ በየሰው ስም መለየቱን ይዩ። ሠራተኞቹ ሲጠሯቸው ያዳምጡ፤ "እማማ"፣ "አባባ" ወይም በስማቸው አክብሮት ጨምረው ነው ወይስ "አንቺ ተነሺ" ብለው? ውሉ ላይ ሆስፒታል የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ቢወጡ ቅድሚያ ክፍያው እንዴት እንደሚመለስ፣ ጠያቂ በየትኛውም ሰዓት መግባት መቻሉ ይጻፍ። አዲስ አበባ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወር አንዴ ማን እንደሚሄድ ሳይወሰን አይግቡ። የቅሬ መዋጮአቸውም አይቋረጥ፤ የሚቀብራቸው ወገን እንዳለ ማወቃቸው ያሳርፋቸዋል።

ወረቀቱን ቀድመው ይጨርሱ

ውክልና የሚሰጠው ሰው አእምሮው ሙሉ ሳለ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ያገለግላል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለጡረታ መቀበያና ለሕክምና ጉዳይ የሚያስፈልገውን ብቻ ለይታችሁ አጽፉ፤ ቤት መሸጥን አትጨምሩበት። ከቤታቸው ቢወጡ እንኳ ቤቱ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሸጥና ሳይከራይ ይቆይ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስ ይከፍላሉ። ከተማ ሲቀይሩ ደብተሩ የሚሠራበት ጤና ጣቢያ ስለሚለወጥ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ቀበሌውን ይጠይቁ። ደሴ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ መሥራት የማይችሉና ረዳት የሌላቸው አረጋውያን በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ፤ ምዝገባው በቀበሌ ነው። ልጅ ወላጁን መቀለብ በክልሉ የቤተሰብ ሕግም ግዴታ ነው፤ ሽምግልና ካልሠራ ፍርድ ቤት ቀለብ ያስቆርጣል።

አሁን ወላጅን ይጠይቁ። ልጆች ተስማምተው ጨርሰው ሳይሆን ደብተሩ በእጅ እያለ፣ ከልጆቹ የሚቀርባቸው አንዱ ብቻ ሆኖ። "እማዬ፣ ሌሊት ሲነሡ ምን ይከብድዎታል?" ከሚለው ይጀምሩ፤ "የት መኖር ይፈልጋሉ?" ከሚለው አይደለም፤ ለሁለተኛው ብዙዎች "እናንተ እንዳላችሁ" ብለው ያልፋሉ። የመረጡትን ለአንድ ወር ይሞክሩት። በወሩ ክብደታቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጋር ያወዳድሩ፣ የወደቁበትን ቀንና ሰዓት ይቁጠሩ፣ ተንከባካቢዋ በሳምንት ስንት ሌሊት ሳትነሣ እንዳደረች ይጠይቋት። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ዝግጅቱ ይለወጥ፤ ስድስቱን ነገርም በየሦስት ወሩ እንደገና ይመዝግቡ።